በረኪና የሌለበት ክረምት

ሰኞ፣ ዝናቡ በጀመረበት ሳምንት

የቤታችን ሞገስ፣ የልጄ ትዳር ምሰሶ፣ ቃልሽ አጭር ሥራሽ ረጅም የሆንሽ፣ እጅሽ ያረፈበትን ዕቃ ሁሉ እንደ ማለዳ ፀሐይ የምታበሪ፣ የተከበርሽ ምራቴ ሆይ፤ ሰላምታዬ በመስኮቱ ሥር ካለው ከዚህ አሮጌ ጠረጴዛዬ ተነሥቶ፣ ዛሬ ጠዋት የተሳፈርሽበትን አውቶቡስ ኋላ ኋላ ተከትሎ፣ ጭቃውንም ጎርፉንም ተሻግሮ ከደጅሽ ይድረስ።

ይህን ደብተር «አባባ፣ የልጅቷን ትንፋሽ ይጻፉልኝ፤ ቤቱን በምን እንዳጸዳችሁም ይጻፉ» ብለሽ በእጄ ስታስጨብጪኝ፣ ዕድሜውን ሙሉ የቀደምት መጻሕፍትን ቋንቋ ሲያስተምር የኖረ ሰው በስተርጅናው የሳል መዝጋቢ ሆነ ብዬ በልቤ ፈገግ ማለቴን አልሰውርሽም። ይሁን እንጂ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ሐኪሙ የልጅቷን ደረት የሚዘጋው ኃይለኛ ሽታ ነው ብሎአል፤ እናንተም ሁለታችሁ መንገድ በሚሠራበት በዚያ አቧራማ ሰፈር ውላችሁ ማደራችሁ ግድ ነው፤ እንግዲህ ይህ ክረምት ያለ ከባድ ሕመም ካለፈ የልጅ ልጄ ድንቢጥ ከእኛ ዘንድ ሆና ትምህርቷን ትቀጥላለች፣ ካላለፈ ግን ወስዳችሁ አቧራ ታበሏታላችሁ። ለአንቺ የምሰጥሽን አሳምሬ እገለብጠዋለሁ፤ ይህ ረቂቁ ነውና ለራሴ ይቀራል።

ትናንት በረኪናውን፣ የወለሉን ሳሙና፣ የትንኙን መርጫ፣ ያንን አበባ አበባ እሸታለሁ የሚለውንም ቆርቆሮ አንድ በአንድ ከየጓዳው ለቅመሽ በካርቶን ስታሽጊ፣ ባለቤቴ እጇን አጣምራ በር ላይ ቆማ ነበር።

«እኔ ስንት ዘመን የሆስፒታል ንጽሕና ክፍል የመራሁ ሴት፣» አለች፣ «በስተርጅና ቤቴን በሰላጣ ማጣፈጫ ልጠበው?»

«እማማ፣ እዚያ የሚገድለው ጀርሙ ነበር። እዚህ የሚገድለው ሽታው ነው።»

«እሺ» አለች። እኔ የዚህችን ሴት «እሺ» ከጎልማሳነቴ ጀምሮ አጥንቼዋለሁ፤ ብዙ ዓይነት አለው፤ የትናንቱ ግን የትኛው እንደሆነ ለጊዜው አልለየሁትም።

ረቡዕ

ድንቢጥ ሌሊቱን ተኝታ አደረች። ትንፋሽዋ ንጹሕ። ሳል የለም። በአፏ የምትስበውን ፓፍ አልነካችም።

ዛሬ መስተዋቶቹን ሁሉ ኮምጣጤን በእኩል ውኃ በጥብጬ በአሮጌ ጋዜጣ ወለወልሁ። የሱቁ ባለቤት «አቼቶ» ካላልሁት በቀር አይገባውም፤ እኔ ደግሞ ኮምጣጤ ካላልሁ ምላሴ አይታዘዘኝም፤ ስለዚህ በጣታችን እየጠቆምን ተግባባን። መስኮቱ ከተወለወለ በኋላ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ መርፌ ላይ ክር ስታስገባ አየሁ። ይህ መስኮት እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያሳይ አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ማታ

ዛሬ ያየሁትን ድንቅ በወጉ ካልጻፍሁት እንቅልፍ አይወስደኝም። የአባቴ የናስ መብራት፣ እናቴ በአመድ ስታሸው የማውቀው፣ እናቴም ካለፈች ወዲህ ጥቁር ለብሶ በመደርደሪያው ላይ የከረመው፣ አንቺ እንዳሳየሽኝ ግማሽ ሎሚ በጨው ነክሬ ባሸው፣ ከጥቁረቱ ሥር የሕፃንነቴ ብርሃን ብቅ አለ። የእቃ ማጠቢያውን ሲንክ ደግሞ መጀመሪያ የዳቦ ሶዳ ነስንሼ፣ በላዩ ኮምጣጤ ሳፈስስበት፣ እየፈላ እየተፍለቀለቀ ነጭ አረፋ ሞላው። ድንቢጥ ወንበር ላይ ወጥታ ታይ ነበርና «አባባ፣ ሲንኩ ሳቀ» አለችኝ። በጉብዝናዬ ዘመን ስንት መስመር ግጥም ደክሜበታለሁ፤ ይህን የመሰለ ግን አልወጣኝም።

የሚደንቀኝ ቅመሙ አይደለም። ሎሚውም፣ ጨውም፣ ሶዳውም፣ ኮምጣጤውም በዚህ ቤት ጓዳ ከእኔ ጋር አብረው አርጅተዋል፤ እኔ እንደ ምግብ ብቻ አውቃቸው ነበር። የሚደንቀኝ የአንቺ ዓይን ነው፤ በሥራ ቦታሽ አፈርና ሲሚንቶ እየመዘንሽ የምትመረምሪ አንቺ፣ የእኛን ጓዳ ገብተሽ እንደ ቤተ ሙከራ አየሽው።

ባለቤቴ መታጠቢያ ቤቱንና ሽንት ቤቱን ለራሷ ወሰደች። «ያ የኔ ነው፤ አንተ መብራትህን እሽ» አለችኝ። ክፍፍሉ ፍትሐዊ መስሎ ታየኝ።

ቅዳሜ

ጠርሙሱ ፈነዳ። በኋላ እጽፋለሁ።

ቅዳሜ ማታ

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶዳና ኮምጣጤ ሲገናኙ ይህን ያህል ከተፍለቀለቁ፣ አስቀድሜ ቀላቅዬ በጠርሙስ ባኖራቸው በየጊዜው ከመበጥበጥ እድናለሁ ብዬ አሰብሁ፤ ክዳኑንም አጥብቄ ዘጋሁ። ክዳኑ ተወርውሮ ጣሪያውን መታው።

ባለቤቴ ከመኝታ ቤት፣ «የኔ ሊቅ፣ ጦርነት ታወጀ?»

«ሳይንስ ነው» አልሁ።

«ሳይንሱን አንተው ወልውለው።»

በስልክ ስነግርሽ ሳቅሽን ለመያዝ ስትታገዪ ሰማሁ። «አባባ፣ እዚያው ዕቃው ላይ ነው የሚገናኙት እንጂ ጠርሙስ ውስጥ አይደለም። ሲፈላ ያዩት ጉልበታቸው ነው፤ እሱ ካለቀ የቀረው ጨዋማ ውኃ ነው።» ከዚህ የበለጠ ጥርት ያለ ዓረፍተ ነገር በማስተማር ዘመኔ አልሰማሁም።

ማክሰኞ

በመታጠቢያ ቤቱ በር የለጠፍሽው ካርድ ዓይኔን ይቆረቁረኛል። አሳቡ ወርቅ ነው፤ አለባበሱ ግን ቁምጣ ነው። «መስታወት፦ አቼቶ ከውኃ እኩል። ምድጃ፦ ሶዳ በትንሽ ውኃ፣ ሩብ ሰዓት መተው። ሽንት ቤት፦ ማታ አቼቶ አፍስሶ ማሳደር፣ ጠዋት በሶዳ መፈተግ።» ከሥሩም እንዲሁ እንደ መንገድ ምልክት ያለ አጭር ማስጠንቀቂያ። ይህን የመሰለ ጥበብ እንዲህ ራቁቱን በር ላይ ይቆማልን? በወፍራም ወረቀት፣ በቀይና በጥቁር ቀለም፣ በተገቢው ክብር ዐዲስ አድርጌ ጻፍሁት፤ የአንቺን ካርድ በማነብበው መጽሐፍ መካከል እንደ ምልክት አኖርሁት። የመጨረሻዋን ማስጠንቀቂያ በተለይ ደክሜባታለሁ፦

«አንዱ ከፍሬ እርሾ፣ አንዱ ከባሕር ጨው የተወለዱ ሁለት ኃያላን፣ በየዙፋናቸው ሲቀመጡ ሀገር ያቀናሉ፤ በአንድ ዙፋን የተቀመጡ ዕለት ግን የቤቱ እስትንፋስ ይታወካል።»

ባለቤቴ የአንቺን ደቃቅ ጽሕፈት ዞር ብላ አላየችውም ነበር፤ የእኔን ግን መነጽሯን አድርጋ አነበበች። «ያምራል» አለች። «ስለ ነገሥታት ነው?»

«ምሳሌ ነው።»

«ያምራል» ብላ ባልዲዋን አንሥታ ገባች። በረኪና በቤቱ ስለሌለ ማስጠንቀቂያው ለወጉ ያህል ነው።

ዓርብ

የልብስ ሰፊዋ ነገር። የባለቤቴን ቀሚስ ልታደርስ መጥታ በሳሎን ተቀምጠው ሲያወጉ እኔ ከመጽሐፌ ጋር ከበሩ ወዲህ ነበርሁ። ማድመጥ አይባልም፤ ቤቱ ጠባብ ነው።

«እትዬ፣ ደኅና ነሽ ግን?»

«ምን ሆንሁ?»

«አይ፣ ቤትሽ አይሸትም። ድሮ ከደረጃው ጀምሮ ‹ዛሬ እትዬ አጽድታለች› እንባባል ነበር። አሁን ስገባ ሰላጣ የቀረበልኝ ነው የመሰለኝ።» ራሷ በራሷ ቀልድ ሳቀች። «ያው ጉልበትም ይደክማል። ማንም አይፈርድብሽም።»

ባለቤቴ አልሳቀችም። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ የታጠቡትን ስኒዎች እንደገና ስታጥብ ሰማሁ። ምን አስከፋት ብዬ ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ምዕራፉ ግን ሊያልቅ ጥቂት ገጽ ቀርቶት ነበርና ቆይቼ እጠይቃለሁ አልሁ፤ ቆይቼም ረሳሁ።

ድንቢጥ ደኅና ናት። ዛሬ ደረጃውን ሮጣ ወጣች።

ሰኞ

ዝናብ። ባለቤቴ በዚህ ዝናብ የመታጠቢያ ቤቱን መስኮት ቧ አድርጋ ከፍታ አገኘኋት። «አየር ይግባ» አለችኝ። ለልጅቷ አየር ማሰቧ ደስ አሰኘኝ።

ረቡዕ

የሱቁ ባለቤት፣ «እትዬ ሁለተኛውን ጠርሙስ ጨረሱት እንዴ? ሦስተኛ ላውጣ?» አለኝ። በኮምጣጤው ይህን ያህል መበርታቷን ስሰማ ኮራሁባት። መጀመሪያ ያን ያህል ስታጉረመርም አልነበረ? ለአንቺም በስልክ ነገርሁሽ፤ «እማማ ከሁላችንም ቀድማ ተለወጠች» አልሁሽ፤ አንቺም «ደስ ይላል» አልሽ።

ሐሙስ

ድንቢጥን ዛሬ ከክረምት ትምህርቷ መልስ አሳላት። ጥቂት ነው። ማታ ግን ደረቷ ሲያፏጭ ሰማሁ፤ ፓፉን ሁለት ጊዜ ሳበች፤ ተሻላት።

ምክንያቱን ስፈልግ ዋልሁ። በመደርደሪያው ላይ የሎሚ ልጣጭ በኮምጣጤ ዘፍዝፌ ያኖርሁትን ማሰሮ ጠረጠርሁ፤ ሽታው ለእኔ ጥሩ ነው፣ ለእርሷ ግን ሳይከብድ አልቀረም። አውጥቼ ደፋሁት። ምንኛ ሞኝ ነኝ፤ ሰው የሚወደውን ሁሉ ለልጅ ይጠቅማል ብሎ ያስባል።

ባለቤቴ አጠገቧ ተቀምጣ ጀርባዋን ስታሻሽ አመሸች።

እሑድ

የባለቤቴ ሰማያዊ የቤት ቀሚስ ከጠርዙ ላይ እንደ ከዋክብት ነጭ ነጭ ነጠብጣብ አውጥቶአል። ሎሚው ነው መሰለኝ። ሎሚ እንዲህ ጨርቅ እንደሚያነጣ ለአንቺ መጻፍ አለብኝ፤ ለጥናትሽ ይጠቅምሽ ይሆናል። ዓይኗም ይቀላል። ደክሟታል።

ድንቢጥ በቁርስ ላይ፣ «እማማ ለሽንት ቤቱ ሽቶ ትቀባዋለች፤ እኔ ስመጣ በሩን ትዘጋዋለች» አለች። «ሽንት ቤትም ያምርበት ዘንድ ይገባዋል» አልኋት። ባለቤቴ ሻይ ልትጨምር ተነሣች፤ የሁላችንም ስኒ ሙሉ ነበር።

ሰኞ ማታ

ዛሬ አንድ በጎ ነገር አደረግሁ። የባለቤቴን ድካም አይቼ ነገ ሥራ እንዲቀልላት ብዬ፣ ማንም ሳያየኝ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽንት ቤቱን እኔ ያዝሁት፤ በካርዱ እንደተጻፈው አንድ ሙሉ ጠርሙስ ኮምጣጤ አፍስሼ አሳደርሁት። አልነገርኋትም። ጠዋት ስትገባ ሥራው ተጋምሶ ታገኘዋለች።

ማክሰኞ

ልጅቷ ደኅና። ባለቤቴ ታስላለች። መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት

ልጻፍ። ካልጻፍሁት ነገ ለራሴ አሳምሬ እነግረዋለሁ።

ጎሕ ሲቀድ፣ ዝናቡ መስኮቱን ሲደበድብ፣ ድንቢጥ ገና እንደተኛች፣ ባለቤቴ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባች። ባዶ ከሆነው የዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ከሱቁ እየገዛች የምታኖረውን በረኪና ይዛ ነበር። በየጠዋቱ ታደርገው ኖሮአል፤ ልጅቷ ሳትነቃ ጥቂት አፍስሳ፣ መስኮቱን ከፍታ፣ ሽታው ሲጠፋ ትወጣለች። ዛሬ ዝናቡ ወደ ውስጥ እየገባ ስላስቸገራት መስኮቱን አልከፈተችም። እኔ ባሳደርሁት ኮምጣጤ ላይ አፈሰሰችው።

የሰማሁት ሳሏን ነው። ስደርስ በሩን ከውጭ ዘግታ፣ ፎጣ በውኃ ነክራ በበሩ ሥር ስትጎስጉስ አገኘኋት። ዓይኗ ይፈስሳል፣ ድምፅዋ ተዘግቶአል። በዚያ ድምፅ፣ «ልጅቷን በብርድ ልብስ ጠቅልልና አምጣ። አፏን ሸፍን። በሳሎኑ በኩል ውጣ» አለችኝ። እኔ «ምን ሆነ?» እያልሁ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ደረቴን ገፍታኝ አለፈች፤ ድንቢጥን ራሷ አቅፋ፣ ባዶ እግሯን፣ በዝናቡ ውስጥ መንገዱን ተሻግራ ከልብስ ሰፊዋ ቤት አስገባቻት፤ ተመልሳም ትንፋሽዋን ይዛ ገብታ መስኮቱን ከፈተች፣ ውኃውንም ለቀቀችበት። እኔ ያኔ የልጅቷን ጫማ እፈልግ ነበር።

በሆስፒታል ሳለች እሳት የተነሣ ዕለት በሽተኞችን ያወጣችው እርሷ እንደነበረች ሲነገር ሰምቼ አውቃለሁ። እንደ ታሪክ ነበር የሰማሁት። ዛሬ አየሁት።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኋት። ሳንባዋ ተቆጥቶአል፣ ይድናል አለ። ድንቢጥን ደግሞ በጆሮ ማዳመጫው ደጋግሞ አዳምጦ ምንም የለባትም አለ።

ረቡዕ

ስልክ ደወልሽ። «አባባ፣ ልጄ እንዴት ናት?»

«ደኅና ናት።»

«እማማስ?»

«ሳል ቢጤ።»

ሁለቱም ሐሰት አይደለም። ሰውን በእውነት መዋሸት እንደሚቻል ለተማሪዎቼ አስተምሬ ነበር፤ ሲሠራ ግን ይህን ያህል ይመርራል ብዬ አላስተማርኋቸውም።

ባለቤቴ፣ «አትንገራት። ትወስዳታለች» አለችኝ። በኋላ ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ለቅቃ ስትስል ሰማሁ።

ዓርብ

ዛሬ ፊት ለፊት ተቀመጥን።

«በሽታ የሚያጠፋ እንጂ የሚያመጣ ነገር ይዤ አላውቅም» አለች። «በረኪናና አሲድ እንደማይገናኝ ለስንት ሠራተኛ አስተምሬአለሁ። የሆስፒታሉ አሲድ ጠርሙስ ላይ የራስ ቅል ሥዕል አለበት። በሰላጣ የምንበላው ነገር ግን አሲድ ነው ብዬ በምን ልቤ ላስብ? አንተስ ማፍሰስህን ምነው ብትነግረኝ?»

«ላስደስትሽ ብዬ ነው።»

«እኔም እንዳላስከፋችሁ ብዬ ነው የደበቅሁት» አለች። ሳቅ ሞከረች፤ ሳሉ አቋረጣት።

«በካርዱ እኮ ተጽፎ ነበር» አልሁ። ይህን ማለቴ ያሳፍረኛል።

ተነሥታ ወረቀቴን ከበሩ ነቅላ አመጣች። «አንብብልኝ።» አነበብሁላት። ስለ ፍሬ እርሾ፣ ስለ ባሕር ጨው፣ ስለ ሁለቱ ኃያላን። ድምፄ እየቀነሰ ሄደ።

«በረኪና የሚለው የት ላይ ነው?»

የለም። በዚያ ሁሉ ቀይና ጥቁር ቀለም ውስጥ በረኪና የሚል ቃል የለም። ኮምጣጤ የሚልም የለም። ሄጄ ከመጽሐፌ መካከል የአንቺን ካርድ አወጣሁ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «አቼቶና በረኪና በፍጹም አታገናኙ። የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።»

ካርዱን ተቀብላ አነበበችው። «ይህን አንብቤ ቢሆን ኖሮ» አለች፤ አልጨረሰችውም። ለእኔ ስትል ነው ያልጨረሰችው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ እኔ በአነጋገሬ የልጅ ልጄን እስትንፋስ ልቀድደው ነበር።

ከዚያ ለምን እንደደበቀች ጠየቅኋት። ወለሉን እያየች ነገረችኝ። ሥራ በጀመረች ሰሞን የሕክምና ክፍሉ አለቃ በየጠዋቱ በኮሪደሩ ሲያልፍ ቆም ይልና አየሩን ስቦ «ንጹሕ ነው» ብሎ ያልፍ ነበር። ሌላ ምስጋና የለም፣ ስሟንም አያውቅም። እርሷ ግን በዚያች ቃል ቀኑን ሙሉ ትቆም ነበር። «አሁን ሰው ሲገባ ምንም አይልም። ምንም ሳይሸት ንጹሕ መሆኑን በምን ያውቃሉ? አንተስ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

ስለ መስተዋቱ ገጽ ሙሉ ጽፌአለሁ። ስለ ናሱ፣ ስለ ሲንኩ አረፋ፣ ስለ አንቺም ጥበብ። ገልብጬ ባነብበው ስለ እርሷ የጻፍሁት ድካሟንና ቀሚሷን ብቻ ነው።

እሑድ

የአንቺ ካርድ ወደ በሩ ተመለሰ። የእኔ ወረቀት ለሲንኩ ጥግ ማድረቂያ ሆነ፤ ወፍራም ስለሆነ ውኃ ይይዛል።

በረኪናው ወጣ። ራሷ ለልብስ ሰፊዋ ሰጠቻት፤ «ብቻውን፣ በር ከፍተሽ» ብላ አስጠንቅቃ።

ረቡዕ ማታ

እንግዲህ ምራቴ፣ ይህን ብታዪ ትደነቂ ነበር። ባለቤቴ የሆስፒታሏን ሥርዓት ሁሉ ወደ አንቺ ቅመም አመጣችው። ባልዲ ሁለት፤ አንዱ የሚታጠብበት፣ አንዱ የሚጨመቅበት። ጨርቁ በቀለም ተለየ፤ አረንጓዴው ለወጥ ቤት፣ ቢጫው ለእጅ መታጠቢያ፣ ቀዩ ለሽንት ቤት ብቻ፤ ቀዩን በስሕተት ወጥ ቤት ይዤ ብገባ «ተመለስ» ያለችኝ ድምፅ ወታደር ያቆማል። ሥራው ከላይ ወደ ታች፣ ከንጹሑ ወደ ቆሻሻው ይሄዳል። «ቅመም ብቻውን አያጸዳም» ትላለች፤ «ጊዜና ክንድ ነው የሚያጸዳው። ሶዳውን ለጥፈህ ወዲያው የምትፈትገው ለምንድን ነው? ተወው፣ ይሥራ።» ምድጃው ላይ ሶዳ ለጥፋ ትሄዳለች፤ ተመልሳ ስታብሰው የዓመታት ቅባት እንደ ቅርፊት ይነሣል። ጨርቁን በፈላ ውኃና በሳሙና ቀቅላ ፀሐይ በታየች ጊዜ ሁሉ ታሰጣለች።

አንቺ ዕውቀቱን ሰጠሽን፤ እርሷ ሥርዓቱን። እኔ ባልዲ ተሸካሚ ሆኜአለሁ፤ ሹመቱን እወደዋለሁ። ድንቢጥ ሳትስል ሰነበተች። ባለቤቴም ከሰሞኑ ሳሏ ቀለላት።

ዛሬ ቀዩ ጨርቅ ከተሰቀለ በኋላ በበሩ ቆሜ አየሩን ሳብሁ። ምንም አይሸትም። «ንጹሕ ነው» አልኋት። «አንተ ምን ታውቃለህ» አለችኝ፤ ነገር ግን መጎናጸፊያዋን አስተካክላ ቀና ብላ አለፈች።

ዓርብ፣ ዝናቡ ሊወጣ ሲል

ነገ ትመጫለሽ። አሳምሬ የምገለብጥልሽን ደብተር ጀምሬ ነበር፤ ከዚያች ማክሰኞ ጠዋት ላይ ስደርስ ብዕሬ ያንን ቀን «ጥቂት የአየር መታወክ» ብሎ ሊጠራው ሲል ያዝሁት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ባለቤቴን ጠራሁና፣ «ረቂቁን ልስጣት?» አልኋት።

«የቱን?»

«ሁሉንም። በረኪናውንም፣ የኔንም ወረቀት፣ በስልክ ያልኋትንም።»

የድንቢጥን የደንብ ልብስ እየተኮሰች ነበር። ካውያውን አቆመች። «ከወሰደቻትስ?»

«ትወስዳታለች።»

ኮሌታውን በጣቷ ስታስተካክል ቆየችና፣ «ስጣት» አለች። «እናቷ ናት። ሳታውቅ ልጇን እኛ ዘንድ አትተው።» ከዚያም ካውያውን አንሥታ ሌላኛውን እጅጌ ጀመረች፤ የሚመጣው ዓመት የደንብ ልብስ ነው፣ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ።

እንግዲህ የተከበርሽ ምራቴ፣ ሥርዙ ድልዙ ያልተነካ ይኸው ደብተር በእጅሽ ነው፤ አንብበሽ የምትወስኚው ውሳኔ የአንቺ ነው፤ እኛም አንከራከርሽም። የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአንቺው አጻጻፍ ልጻፈው።

ነገ ስትገቢ፣ ልጅቷን ከመሳምሽ በፊት መታጠቢያ ቤቱን እይና ለእማማ «ንጹሕ ነው» በያት።